ቀባሪ አላጣንም፤ ጧሪውስ?

"ጡረታ" የሚለው ቃል መሥሪያ ቤት ከመግባቱ በፊት ቤት ውስጥ ነበር። ጦረ፣ ይጦራል፣ ጧሪ፣ ተጧሪ። ልጅ አቅም ያጣ ወላጁን ሲያበላ፣ ሲያለብስ፣ አልጋ ላይ ሲውል ሲያገላብጥ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ከጎኑ ሲቆም "ጦረ" ይባላል። በ1953 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሠራተኞቹ የአበል ድንጋጌ ሲያወጣ አዲስ ቃል መፈለግ አላስፈለገውም፤ ይህንኑ የቤት ቃል ወስዶ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አሰፈረው። ከዚያ ወዲህ "ጡረታ ወጣ" ስንል የምናስበው ልጅን ሳይሆን ደብተርን ሆነ። መንግሥት የወሰደው ግን ቃሉን ነው። ማገላበጡ፣ ማጠቡ፣ ሌሊት ሌሊት መነሣቱ እዚያው ቤት ቀረ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የፈረንጁን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ወዳጆቼ መካከል ደጋግሜ ስለማየው አንድ ነገር ነው። ስትሮክ የመታት እናት አለች። አንዱ ልጅ ቨርጂኒያ ነው፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዷ አያት ኮንዶሚኒየም። የቤተሰብ ግሩፕ ይከፈታል። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ያለቅሳል፣ ሁሉም ይልካል። በሦስተኛው ወር ጥያቄው ይጠጥራል፦ ማን ይቀመጣል? ማን ይከፍላል? እስከ መቼ? በስድስተኛው ወር አያት ያለችው ሥራዋን ለቅቃለች፣ ቨርጂኒያ ያለው "የምልከው ገንዘብ የት ነው የሚገባው?" ማለት ጀምሯል፣ ዱባይ ያለችው ስልክ ማንሣት ትፈራለች። ግሩፑ ውስጥ ያለ አንድ አጎት ደግሞ "የዛሬ ልጅ!" ብሎ ረጅም የድምፅ መልእክት ይልካል። ድሮ ቢሆን እንዲህ አይሆንም ነበር ይላል።

አጎት ግማሽ እውነት አላቸው። ድሮ እንዲህ አይሆንም ነበር። ምክንያቱ ግን የድሮ ልጅ ከዛሬው የተሻለ ልብ ስለነበረው አይመስለኝም። ድሮ ለጧሪው የሚከፈለው ነገር ነበር። ያ ክፍያ ቀስ በቀስ ጠፋ፣ ግዴታው ግን ሳይነካ ቀረ። የዛሬው ጠብ ከዚያ የመጣ ነው።

ክፍያው መሬት ነበር። በርስት አገር ልጆች ሁሉ በሐረግ ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ከወላጆቹ ጋር የቀረው ልጅ የእነሱን መሬት እያረሰ፣ በሬአቸውን እየጠመደ፣ በእነሱ ጎጆ አጠገብ ጎጆ ወጥቶ ይኖራል። ሽማግሌው ሲደክም እርሻውን ያረሰለት እሱ ነው፤ ሲሞትም መሬቱን ይዞ የሚገኘው እሱ ነው። ሌሎቹ ወንድሞች መብት አላቸው፣ እሱ ደግሞ ይዞታ አለው። የመጨረሻው ቃል የሚነገረው ነፍስ አባትና ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ነው፤ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉት የመሬት ውሎችና ኑዛዜዎች ይህ ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይመሰክራሉ። ወላጅ እጁ ላይ ኑዛዜ አለ፣ አንደበቱ ላይ ምርቃትና እርግማን አለ። ይህ ሁሉ ባንድ ላይ ሲሠራ ጧሪ ማግኘት ያን ያህል አይከብድም።

ይህን ሥርዓት ማስዋብ አልፈልግም። መሬት ለነበረው ነው የሠራው። በደቡብ የነበረው ጭሰኛ ለልጁ የሚያወርሰው መሬት አልነበረውም፤ እርጅናውን ያሳለፈው እንደ ባለርስቱ ፈቃድ ነው። ባሪያ ሆኖ ያረጀው ሰው ታሪክ ደግሞ ከናካቴው አልተጻፈም ማለት ይቻላል። ሌላም ነገር አለ፦ መሬቱን የወረሰው ወንድ ልጁ ሲሆን ያጠበችው፣ ያበላችውና የጠረገችው ብዙ ጊዜ ሚስቱ ናት። ምራት። በስም ጧሪ የተባለው እሱ ነው።

ጧሪ ያልነበራቸው ሴቶች አንድ በር ነበራቸው፦ ቆብ። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የራቋት ሴት መንኩሳ፣ እማሆይ ተብላ፣ ካላት ጥቂት ነገር ለደብሩ ሰጥታ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ካሉት ትንንሽ ቤቶች አንዷ ውስጥ ትገባለች። የሰንበቴው ዳቦ፣ የተዝካሩ እንጀራ፣ የመንደሩ ሰው ደጅ ላይ የሚያስቀምጠው ጭብጦ ያኖራታል። ሃይማኖቱ ሃይማኖት ነው፣ እሱን አላቃልልም። ግን ከላይ ስናየው ይህ የአረጋውያን መኖሪያ ነበር፣ በአገሪቱ ሁሉ የተዘረጋ፣ ያለ በጀት። ዛሬም በብዙ ደብር አጥር ጥግ ይታያል።

አንድ ነገር ደግሞ መዘንጋት የለበትም። በዚያ ዘመን መጦር ረጅም አልነበረም። በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ ሲወለድ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ 40 ዓመት ግድም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። በእርግጥ ያን ቁጥር ዝቅ ያደረገው በአብዛኛው የሕፃናት ሞት ነው፤ ሽማግሌ ጠፍቶ አልነበረም። ነገር ግን አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ በሳንባ ምች ወይም በአልጋ ቁስል ባጭር ጊዜ ያልፍ ነበር። ዛሬ የግፊት መድኃኒት አለ፣ ኢንሱሊን አለ፣ አንቲባዮቲክ አለ። ስትሮክ የመታት እናት አሥር ዓመት ልትኖር ትችላለች። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን አሥር ዓመት ማለት አንድ ሰው ሥራ ይዞ የሚያድግበት፣ ትዳር የሚመሠርትበት ዕድሜ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ በወላጅና በተወላጅ መካከል በሁለቱም አቅጣጫ ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ፤ ግዴታው ምግብን፣ መጠለያን፣ ልብስን፣ ሕክምናን ይጨምራል፣ በወንድምና እህት መካከልም አለ። ስለዚህ በሕግ ዓይን ቨርጂኒያ ያለው ልጅም ሆነ አያት ያለችው ባለዕዳ ናቸው። ግን ሕጉ የሚያውቀው ቀለብን ነው፣ ብር። ማን ሌሊት እንደሚነሣ አያውቅም። ደግሞስ የትኛዋ እናት ናት ልጇን ከሳ ፍርድ ቤት የምትቆመው? "ልጄን ከምከስ ቢቀርብኝ" የምትል እናት አገር ውስጥ ይህ አንቀጽ ያለው ኃይል ትንሽ ነው። ወላጅ በሕጉ ያለው ሌላ መሣሪያ ከውርስ መንቀል ነው፣ በቂ ምክንያት በኑዛዜው ላይ ጠቅሶ። ነገር ግን ይህ የሚሠራው የሚወረስ ነገር ሲኖር ነው።

የሚወረሰው ነገር ላይ ደግሞ 1967 መጣ።

በዚያ ዓመት ሁለት አዋጆች ወጡ። ስለ ሁለቱም ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ፊውዳሉ፣ ስለ ጭሰኛው፣ ስለ ከበርቴው። ስለ እርጅና ያነሣቸው ጥቂት ነው። የየካቲት 25ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ፣ መሸጥን፣ ማከራየትን፣ ማስያዝን ከለከለ። ጭሰኛውን ነፃ አወጣ፤ ለእሱ እርጅና ይህ ትልቅ ነገር ነበር፣ ሊካድ አይገባም። ከባለይዞታው ሽማግሌ እጅ ግን "የጦረኝ ይውሰደው" የሚለውን ቃል ክብደት ቀነሰበት። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ችግሩ ታይቷቸው ነበር፦ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክሉ ለአረጋዊ፣ ለሕመምተኛ፣ ሌላ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት ልዩ ሁኔታ አስቀምጠዋል። ሽማግሌው መሬቱን በመቀጠር ሰው ሊያሳርስ ይችላል ማለት ነው። ከምን ገንዘብ እንደሚከፍል አዋጁ አልነገረውም።

ሁለተኛው የሐምሌ 19ኙ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። በከተማ መሬቱን የተካው የሚከራይ ቤት ነበር። ጥሩ ኑሮ የነበረው ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ ጠላ ሸጣ፣ እንጀራ ጋግራ፣ እቁብ ጥላ ሁለት ሦስት ክፍል የሠራች ባልቴትም ነበረች። ለእሷ ክፍሎቹ ጡረታዋ ነበሩ፣ ከልጆቿ እጅ እንዳትጠብቅ የሠራቻቸው። አዋጁ መኖሪያዋን ትቶላት ሌላውን ወሰደ። መተዳደሪያቸው ኪራይ ብቻ ለነበረ ሰዎች አበል ተቆርጧል፣ ያ እውነት ነው። ግን ልዩነቱን አስቡት፦ ትናንት ቁልፍ የነበራት ሴት ዛሬ ቀበሌ ተሰልፋ አበል ተቀባይ ሆነች። ወራሽ ሆኖ ሊጦራት የሚችለው ልጅ ወይም የወንድም ልጅም የሚወርሰው ነገር ከእሷው መኖሪያ አላለፈም።

ደርግ ሲወድቅ ሕዝቡ ያደረገውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጓሮ ጓሮው ላይ ሰርቪስ ሠራ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ክፍል፣ በጭቃ፣ በብሎኬት፣ አንዳንዱ በካርታው ላይ የሌለ። አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ አረጋዊ እውነተኛው ጡረታ እሱ ነው። የመንግሥት አበል መድኃኒት ይገዛል፣ የሰርቪሱ ኪራይ ያበላል። መልሶ ማልማት መጥቶ ያን ግቢ ሲያነሣ ለቤቱ ምትክ ይነገራል፤ ስለ ሰርቪሱ ኪራይ ማንም አይናገርም። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የገባች የ75 ዓመት ሴት ኪራዩንም ጎረቤቱንም ደረጃ መውረዱንም በአንድ ቀን ታጣለች።

አሁን ስለ እድር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው "እኛ እኮ እድር አለን" ስለሚል። እድር በከተማ የተስፋፋ፣ በተለይም ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት የገነነ ተቋም ነው። ከየአገሩ የመጣ ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ "ብሞት ማን ይቀብረኛል?" ብሎ የፈጠረው መልስ ነው። መልሱም ድንቅ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ንፍሮው፣ ቀሪ የሚቀጣበት ደንብ፣ ሁሉም አለ። ድሃ ሰው በክብር ይቀበራል። ግን እድር ለቀባሪ የተሠራ እንጂ ለጧሪ የተሠራ አይደለም። ለምን? የገንዘብ ነገር ነው። ሞት ለአንድ ሰው አንዴ ይመጣል፣ ወጪው ይታወቃል፣ ማንም አስመስሎ አይሞትም። ስለዚህ በወር ትንሽ መዋጮ ይሸፈናል። የአልጋ ቁራኛነት ግን ስንት ዓመት እንደሚቆይ አይታወቅም፣ ለአንዱ ወር ለሌላው አሥር ዓመት ነው፣ ማን "በቂ" እንደታመመ ማን ይወስናል? ሁለት መቶ አባል ያለው እድር አምስት አልጋ ላይ የዋሉ አባላትን ለዓመታት ቢደግፍ ካዝናው ይደርቃል። በኤች አይ ቪ ዘመን አንዳንድ እድሮች የታመመን አባል ቤት ለቤት ወደ መደገፍ ገብተው ነበር፤ የሚያኮራ ሥራ ሠሩ። የደገፋቸው የውጭ ገንዘብ ሲቀንስ ግን አብዛኛው ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

ቋንቋችንም ይህን ልክ ይዟል። አስታማሚ አለ፤ ሆስፒታል በር ላይ ካርድ አንጠልጥሎ የሚገባው፣ ምግብ የሚያቀብለው፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የሚዞረው። የእሱ ሥራ የቀናት ወይም የሳምንታት ነው። ቀባሪ አለ፤ የእሱ ሥራ የአንድ ቀን ነው። ለሁለቱም ሰው ይገኛል። ሐኪሙ "ከዚህ በኋላ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧቸው" ሲል አስታማሚው የሚለቀው፣ ቀባሪው ገና የማይመጣበት ዘመን ይጀምራል። ያ ዘመን የጧሪው ነው።

የመንግሥት ሕግም ከእድር የተለየ ሐሳብ አላሰበም። በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አንብቡ። እናቱ የሞተችበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር የ3 ቀን ፈቃድ አለው። እናቱ አልጋ ላይ ለዋለችበት ሠራተኛ የሚቀርበው ለከባድና ለድንገተኛ ጉዳይ የተቀመጠው ያለ ደመወዝ እስከ 5 ቀን፣ በዓመት ከሁለት ጊዜ የማይበልጥ ፈቃድ ነው። ለመቅበር ደመወዝ አለ፣ ለመጦር የለም። ይህን ያረቀቀው ሰው ክፉ አይደለም። እሱም የእድር ልጅ ነው።

ስለ አበሉ ራሱ። እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የወታደርና ከአብዮቱ ወዲህ የመንግሥት ድርጅት ሠራተኛ ነገር ነበር። በዚያ ዓመት ቁጥር 714 እና 715 የሆኑ ሁለት አዋጆች ወጡ፤ የሁለተኛው ትልቁ ነገር የግል ድርጅት ሠራተኛውን ማስገባቱ ነው። ዛሬ ከሠራተኛው 7 ከመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 ከመቶ ይጨምራል። በአዋጁ ቀመር 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 ከመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት እያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመርለታል፣ ጣሪያው 70 ከመቶ ነው። እስቲ እናስላው። አማካይ ደመወዟ 10,000 ብር የነበረ፣ 35 ዓመት ያስተማረች መምህርት 61.25 ከመቶ ታገኛለች፦ በወር 6,125 ብር። ገና ጤነኛ ሳለች ይህ ኑሮ ነው፣ ጠባብ ቢሆንም። አልጋ ላይ ስትውል ግን ዳይፐር፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒት፣ የአየር ፍራሽ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ አብራት የምትውል ሠራተኛ ከዚህ ላይ ይወጣሉ? አይወጡም። ከዚያ ደግሞ ይህች መምህርት ከዕድለኞቹ ናት። ገበሬው በዚህ ቀመር ውስጥ የለም፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ የለችም፣ ሊስትሮው የለም።

የጤና መድኑም እዚህ ድረስ አይደርስም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለብዙ ገጠር ቤተሰብ እውነተኛ እፎይታ ነው፤ ግን የሚከፍለው ለሕክምና ነው። የደመወዝተኛው ማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። ሴፍቲኔቱ፣ በገጠር ከ1997 ዓ.ም.፣ በከተማ ደግሞ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ እሱም ለድሃ ድሃው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል። "አቅሙ በፈቀደ መጠን" የምትለዋን ሐረግ ማንበብ የለመደ ሰው ትርጉሟን ያውቃል።

ታዲያ ማን ነው የሚከፍለው? ከ1990ዎቹ ወዲህ መልሱ አንድ ነው፦ ውጭ ያለው ልጅ። ከመሬት ወደ ኪራይ ቤት፣ ከኪራይ ቤት ወደ ዌስተርን ዩኒየን። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ መቶን አለፈ። ለአንዳንዱ ቤተሰብ 200 ዶላሩ በአንድ ጊዜ እጥፍ የሆነ መሰለ፤ ከውጭ የሚገባው ዳይፐርና መድኃኒት ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ተከትሎ ወጣ።

የሚገርመው ውጭ ያለችው ልጅ ሥራ ምን እንደሆነ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚሠሩት በአረጋውያን መኖሪያና በሰው ቤት የታመመ ሽማግሌ በመንከባከብ ነው። በቤሩት፣ በሪያድና በዱባይ ያሉት እህቶቻችን ኮንትራታቸው ላይ የቤት ሠራተኛ ይበል እንጂ፣ ቤቱ ውስጥ አሮጊት ካለች የሚያነሡ የሚያስተኟት እነሱ ናቸው። የሰው እናት እየጦሩ ባገኙት ገንዘብ የራሳቸውን እናት የምትጦር ሌላ ሰው ይቀጥራሉ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ሲመለስ ስለ ሥራ አጥነት ብዙ ተወራ። ከዚያ ገንዘብ ጋር ስንት አልጋ ላይ የዋለ ወላጅ መድኃኒት እንደተቋረጠበት ግን የቆጠረ የለም።

"ታዲያ እናትን ለምን አያመጧትም?" የሚል አለ። እዚህ ላይ አሜሪካ ያሉት አንባቢዎቼ ታሪኩን ያውቁታል፣ አገር ቤት ያለው ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ቅሬታውም ከዚያ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉትን አቋቋመች። ሜዲኬር የአረጋውያን ሕክምና ነው፣ ለዓመታት የሚዘልቅ የቤት ወይም የማቆያ እንክብካቤ ግን አይከፍልም። ያን የሚከፍለው የድሆቹ ሜዲኬይድ ነው፤ አሜሪካዊው ራሱ ያጠራቀመውን ጨርሶ ድሃ ሲሆን ነው የሚገባበት። በአረጋውያን ማቆያ አንድ ክፍል በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ አዲስ ግሪን ካርድ ያዥ አብዛኛውን የፌዴራል እርዳታ ለማግኘት አምስት ዓመት እንዲጠብቅ አደረገ፤ ያመጣው ልጅም ኃላፊነት ወስዶ ይፈርማል። ስለዚህ የ70 ዓመት እናቱን ያመጣ የታክሲ ሾፌር እናቱ በሁለተኛው ዓመት ብትወድቅ ዕዳው የእሱ ነው። ቀን ቀን የሰው እናት የምትንከባከበው ሚስቱ ማታ ቤት ገብታ ደግማ ትጀምራለች።

ሌሎች አገሮች ከዚህ የወጡት በፍቅር በልጠውን አይደለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1995 ከደመወዝ የሚቆረጥ የእንክብካቤ መድን አቋቋመች። ጃፓን፣ ወላጅን ማክበር ከእኛ ባላነሰ የሚሰበክባት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያዋጣበትን ሥርዓት ጀመረች። እዚያም ከዚያ በፊት ጧሪዋ ምራት ነበረች። እዚያም "ቤተሰብ ይፈርሳል" ያሉ ነበሩ። ሆስፒታሎቿ የሚወስዳቸው ባጡ ሽማግሌዎች ሲሞሉ ክርክሩ አበቃ። የጀርመኑ ሥርዓት ለእኔ የሚማርከኝ በአንድ ነገር ነው፦ ወላጁን ቤት ውስጥ የምትጦር ልጅ ሥራዋ እንደ ሥራ ይቆጠርላታል፤ ከመድኑ ለእሷ የጡረታ መዋጮ ይገባላታል።

እነዚህ ሀብታም አገሮች ናቸው የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ትክክል። ግን እኛም ከምናስበው በፍጥነት ወደዚያው እየሄድን ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች፣ በአዲስ አበባ ግን 1.8። ስድስት ልጅ ያሏት እናት ስድስት ላይ ዕጣ ትጥላለች። ሁለት ያሏት፣ አንዱ የሄደባት፣ ዕጣ የምትጥልበት የላትም። ዛሬ አርባ ዓመት የሆናችሁ የአዲስ አበባ አንባቢዎች፣ የምናገረው ስለ እናቶቻችሁ ብቻ አይደለም።

በዚህ መካከል ስለ መቄዶንያ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቢኒያም በለጠ የጀመረው ማዕከል ከጎዳና ላይ ያነሣቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ዛሬ በሺዎች ይቆጠራሉ፤ በ2017 ዓ.ም. በቀጥታ ሥርጭት በተደረገው የገቢ ማሰባሰቢያ አገሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ ሲያዋጣ አይተናል። የሕዝቡ ልብ እንዳልደነደነ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ግን መቄዶንያ የቆመው ለወደቀ ሰው ነው። ሦስት ልጅ ያላት፣ ቤት ያላት፣ አልጋ ላይ የዋለች እናት ለእሱ አይደለችም፣ መሆንም የለባትም። ለእሷ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚገባ ደህና ማቆያ ቢኖር እንኳ ልጆቿ ስሙን መጥራት ይፈራሉ፤ "እናታቸውን ጣሉ" ይባላላ። እማሆይን ደብር ያስገባ ልጅ ግን ጣለ ተብሎ አያውቅም።

ከየት ይጀመር ለሚለኝ የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ሥራ ሳይለቁ ወላጅ ለማስታመም የሚያስችል ደመወዝ ያለው ፈቃድ፣ ጥቂት ሳምንት ቢሆን እንኳ፣ ለመጀመር የውጭ ብድር አያስፈልገውም። ሥራዋን ለቅቃ ለምትጦር ልጅ የጡረታ ዘመኗ እንዳይቋረጥ ማድረግም የቀመር ጉዳይ ነው። ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ነገር ዛሬ ማታ ማድረግ ይችላሉ፦ አያት ያለችው እህት ያቆመችው ደመወዝ ስንት እንደነበር ግሩፑ ላይ ይጻፍ፣ ከተላከው ዶላር ጎን። ቤቱም ሲወረስ ያ ሒሳብ ይታሰብ፣ እናት ቃሏ ሳይዘጋ፣ በኑዛዜ። ይህ ስስት የሚመስለው ሰው ይኖራል። አያቶቻችን መሬቱን ለጦረው ሲያሳልፉ ስስታም አልነበሩም።

አንድ ሰው ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥም አልገባም። እህትየው ቢሮ ስትሄድ ከእናትየዋ ጋር የምትውለው ልጅ፣ ከገጠር የመጣችው፣ በደላላ የተቀጠረችው። ማንኪያውን የምትይዘው፣ ዳይፐሩን የምትቀይረው፣ እናትየዋ ሌሊት ስትጣራ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ በደንብ ይወሰናል ብሎ ትቷታል፣ ደንቡ ሳይወጣ አዋጁ ራሱ ተለውጦ እንደገና እንደዚያው ተጽፏል። የምትተዳደረው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ባሉ ጥቂት አንቀጾች ነው። ከደመወዟ 7 ከመቶ የሚቆርጥላት የለም፣ 11 የሚጨምርላትም የለም። ወላጆቿ ወሎ ወይም ጎጃም ወይም ወላይታ ናቸው፣ እያረጁ፣ በየወሩ መጨረሻ የምትልክላቸውን እየጠበቁ።